ፌስታሉን ተዉትና ውስጡን እዩት

ሰላም ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

ባለፈው ሰሞን ስለ አስቤዛና ስለ አካባቢ ጥበቃ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ነው ይሄን የምጽፍላችሁ። ርዕሱን ማንሳታችሁ ጥሩ ነው፣ በዚህ ጉዳይ ብዙ የሚጽፍ የለም፣ ግን እውነቱን ለመናገር ከላይ እስከ ታች የተወራው ስለ ፌስታል ብቻ ነው። ፌስታል መጥፎ፣ የጨርቅ ቦርሳ ጥሩ፣ አለቀ። ሰውየው የጨርቅ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሱቅ ገብቶ ውስጡ ምን ጨምሮ እንደወጣ፣ ቤቱ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ከገዛው ስንቱን እንደበላና ስንቱን እንደደፋ አንድ መስመር እንኳን የለም። እኔ ደግሞ ዋናው ነገር እሱ ነው ባይ ነኝ፣ ቁጥሮቹም የሚሉት እንደዛው ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳትደናገሩ።)

መጀመሪያ ከፌስታሉ ልገላገል። በ2018 የዴንማርክ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የተለያዩ የመገበያያ ቦርሳዎችን ከጥሬ ዕቃቸው ጀምሮ እስከሚጣሉበት ድረስ ተከትሎ አነጻጽሯቸው ነበር። ከተራ ጥጥ የተሠራ ቦርሳ፣ የአየር ንብረቱን ጉዳይ ብቻ ነጥለን ካየን፣ ከፌስታል እኩል ለመሆን 52 ጊዜ ማገልገል አለበት። ኦርጋኒክ ጥጥ የሚባለው፣ ያለ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና መድኃኒት የሚበቅለው፣ ደግሞ 149 ጊዜ! ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ኦርጋኒኩ ከተመሳሳይ መሬት የሚሰጠው ምርት ያንሳል። በተጠኑት የጉዳት ዓይነቶች በሁሉም ከፌስታሉ እንዳይብስ ከተፈለገ የተራው ጥጥ ቁጥር 7,100 ጊዜ ይደርሳል፣ ይሄኛውን ቁጥር ያናረው ግን በዋናነት የኦዞን ሽፋን ጉዳይ ስለሆነ እኔ ብዙ አልደገፍበትም፣ ኢንተርኔት ላይ ግን ሰው የሚቀባበለው እሱኑ ነው። የእንግሊዝ መሥሪያ ቤትም በ2011 ባወጣው ተመሳሳይ ጥናት የጥጡን ቦርሳ 131 ጊዜ፣ የወረቀቱን 3 ጊዜ ብሎታል። ቁጥሩ እንደ አሠራሩ ይለያያል፣ መልዕክቱ ግን አንድ ነው፣ ቤት ውስጥ ያለውን ቦርሳ፣ ከምንም ይሠራ ከምን፣ እስኪበጣጠስ መጠቀም። በየስብሰባው ሎጎ የታተመበት አዲስ የጨርቅ ቦርሳ እየታደለ በየቁም ሳጥኑ የሚከመረው ነገር ለአካባቢ ታስቦ ከሆነ በጣም ያስቃል።

ይሄን ስል ፌስታል ይለምልም ማለቴ አይደለም። ባንግላዴሽ በ2002 ቀጭን ፌስታልን ከዓለም አገሮች ሁሉ ቀድማ የከለከለችው የጎርፍ መውረጃ ቦዮቿን እየደፈነ ጎርፉን ስላባሰባት ነው። አየርላንድ በዛው ዓመት በአንድ ፌስታል 15 ሳንቲም ዩሮ ቀረጥ ጣለችና የፌስታሉ አጠቃቀም ከ90 በመቶ በላይ ወረደ። ቦይ መድፈኑ፣ ባሕር መግባቱ፣ ከብትና ዓሣ መግደሉ እውነት ነው፣ እነዚያ ጥናቶችም ሜዳ ላይ ተጥሎ የሚቀረውን ፌስታል በአግባቡ አልቆጠሩትም። ግን የቆሻሻው ጉዳይና የአየር ንብረቱ ጉዳይ ለየቅል ናቸው፣ ጽሑፋችሁ ሁለቱን ጨፍልቆ ነው ያቀረባቸው፣ ከዛ የተነሳ አንባቢው ፌስታል ስለተወ ብቻ ሁሉንም ነገር የተወጣ መስሎት ይቀመጣል። የኔ ቅሬታ ይሄ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2024 ያወጣው ሪፖርት በ2022 ብቻ በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ተደፍቷል ይላል። ይሄ እንግዲህ እርሻ ላይ ወይ መንገድ ላይ የተበላሸው አይደለም፣ እሱ ለብቻው ሌላ 13 በመቶ ገደማ ነው፣ ይሄኛው ሱቅ ደርሶ፣ ምግብ ቤት ደርሶ፣ ቤት ደርሶ የተደፋው ነው፣ ሸማቹ ጋ ሊደርስ ከቀረበው 19 በመቶው ማለት ነው፣ ከአምስቱ አንድ ለማለት ምንም አልቀረውም። አሁን ጥያቄው ማን ደፋው ነው። ብዙ ሰው ወዲያው ጣቱን የሚቀስረው ሱፐርማርኬቶች ላይ ነው፣ ሱቆቹ ግን 12 በመቶ ናቸው፣ ምግብ ቤቶችና መሰሎቻቸው 28 በመቶ፣ የቀረው 60 በመቶ የኛው የየቤታችን ነው። በአማካይ በሰው በዓመት 79 ኪሎ፣ ልጣጩና አጥንቱም ተቆጥሮ።

እዚህ ላይ "እሱ የሀብታም አገር ችግር ነው" የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ ሁሌም ይመጣል። ሪፖርቱ ግን በሀብታሞቹ አገሮች፣ በከፍተኛ መካከለኛና በዝቅተኛ መካከለኛ ገቢ አገሮች መካከል በቤት ውስጥ በሚደፋው ምግብ ያለው ልዩነት በሰው በዓመት 7 ኪሎ ብቻ ነው ይላል። እንዲያውም ፍሪጅ በሌለበት፣ መብራት በሚቆራረጥበት፣ በሚሞቅበት ቦታ ምግብ ቶሎ ስለሚበላሽ ልዩነቱ መጥበቡ አያስገርምም። ስለዚህ ማናችንም አያገባንም ማለት አንችልም።

የምግብ ብክነት በአጠቃላይ፣ እርሻ ላይ የሚጠፋውም ተጨምሮ፣ ሰው ከሚለቀው የሙቀት አማቂ ጋዝ ከ8 እስከ 10 በመቶ ይይዛል ነው የሚባለው። የአውሮፕላን ጉዞ እንኳን እዚህ አጠገብ አይደርስም። ለምን ይሄን ያህል በዛ ብትሉ አንድ ኪሎ ቲማቲም ስትደፉ ቲማቲሙን ብቻ አይደለም የምትደፉት፣ የጠጣውን ውሃ፣ የተረጨበትን ማዳበሪያና መድኃኒት፣ ትራክተሩና የጭነት መኪናው የፈጁትን ናፍጣ፣ ማቀዝቀዣው የበላውን መብራት ሁሉ አብራችሁ ነው የምትደፉት፣ በዛ ላይ ቆሻሻ መድፊያ ቦታ ሄዶ አየር በማያገኝበት ክምር ሥር ሲበሰብስ ሚቴን ያወጣል፣ ሚቴን ደግሞ በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። ኦርጋኒክ ይሁን፣ ጎረቤት መንደር የበቀለ ይሁን፣ በወረቀት የተጠቀለለ ይሁን፣ ከተደፋ ተደፋ ነው፣ እንዲያውም ብዙ ተለፍቶበት ከሆነ ይብሳል።

ታዲያ ይሄ ከሸመታ ጋር ምን አገናኘው? ሁሉ ነገር አገናኘው እኮ! ምግቡ የሚደፋው ቆሻሻ ገንዳው ጋ ይሁን እንጂ የመደፋቱ ነገር የሚወሰነው ሱቅ ውስጥ ነው። ፍሪጁን ሳያይ የወጣ ሰው ቤት ያለውን ደግሞ ይገዛል፣ ርቦት የገባ ሰው ያየውን ሁሉ ያነሳል፣ "ሁለት ሲገዙ አንዱ በነጻ" የሚል ወረቀት ያየ ሰው ለሳምንት የማይፈልገውን ቅጠል ተሸክሞ ይመለሳል። ቅጠላ ቅጠል፣ እንጆሪ፣ እንጉዳይ፣ እነዚህ ቶሎ የሚሞቱ ነገሮች ናቸው፣ በትንሽ በትንሹ ነው መገዛት ያለባቸው፣ ሩዝና ምስር ግን ኬሻ ሙሉ ብትገዙ በደረቅ ቦታ እስከተቀመጠ ማን ይነካዋል። ብዙ መግዛት ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለው ክርክር ዕቃውን ሳይለዩ የሚደረግ ክርክር ነው።

ቀኑን በተመለከተ ደግሞ፣ ኧረ በናታችሁ ለብቻው አንድ ገጽ ስጡት! ማሸጊያ ላይ የሚታተመው ቀን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው "ከዚህ ቀን በፊት ቢጠቀሙት ይመረጣል" የሚለው ስለ ጥራት ነው፣ ብስኩቱ ኩርሽምታው ሊቀንስ ይችላል፣ ቡናው ሽታው ሊደክም ይችላል፣ ግን ማሸጊያው ካልተከፈተና በደንብ ከተቀመጠ ቀኑ ስላለፈ መርዝ አይሆንም። ሁለተኛው "ከዚህ ቀን በኋላ አይጠቀሙ" የሚለው ስለ ጤና ነው፣ ጥሬ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ተዘጋጅተው የሚሸጡ ቀዝቃዛ ምግቦች ላይ ያለው ማለት ነው፣ እሱን ማሽተትም መቅመስም አያዋጣም፣ አደገኛ ባክቴሪያ ሽታ ላይኖረው ይችላል። ሰው ግን ሁለቱንም "ኤክስፓየር አድርጓል" ብሎ አንድ ላይ ይደፋቸዋል። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2018 ባሠራው ጥናት እዛ ከሚባክነው ምግብ እስከ 10 በመቶ የሚሆነው ከዚሁ ከቀን አጻጻፍ ጋር የተያያዘ ነው። አንድ ማተሚያ ቤት ላይ አንድ ቃል አስተካክሎ መጻፍ ይሄን ያህል ለውጥ የሚያመጣ ከሆነ ሌላ ምን ይፈለጋል።

አቀማመጡም እንደዛው ነው። ሙዝ፣ ፖምና ቲማቲም ሲበስሉ ኢትሊን የሚባል ጋዝ ይለቃሉ፣ አጠገባቸው ያለውን ቅጠልና አትክልትም ቶሎ ያበስሉታል፣ ቶሎም ያበሰብሱታል፣ ስለዚህ ለየብቻ ማስቀመጥ ነው። ድንችና ሽንኩርት አንድ ቅርጫት ውስጥ ባይሆኑ ይሻላል። ዳቦ ፍሪጅ ውስጥ ቶሎ ይደርቃል፣ ማቀዝቀዣው የላይኛው ክፍል፣ በረዶ ቤቱ ውስጥ ግን ቆራርጣችሁ ብታስገቡት ለሳምንታት ይቆያል። እንግሊዝ አገር ራፕ የሚባለው ድርጅት በ2022 ፖም፣ ሙዝ፣ ብሮኮሊ፣ ኪያርና ድንች ላይ ባደረገው ሙከራ ዕድሜያቸውን በደንብ የሚወስነው ፕላስቲክ መታሸጋቸው ሳይሆን የት መቀመጣቸው ሆኖ አግኝቶታል፣ ከ5 ዲግሪ በታች የሆነ ፍሪጅ ለአብዛኞቹ ትልቅ ልዩነት ያመጣል፣ ሙዙን ብቻ ከፍሪጅ ውጪ ተዉት። ደግሞ ፍሬው ሳይታሸግ ሲሸጥ ሰው የሚያስፈልገውን ያህል ቆጥሮ ይወስዳል፣ ሁለት ፖም ለሚፈልግ ሰው ስምንት ያለበትን ጥቅል መሸጥ ስድስቱን በግዳጅ ማስታቀፍ ነው።

ከብክነት ቀጥሎ ያለው የቅርጫቱ ጉዳይ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ነው። ይሄን ሲነኩባቸው የሚቆጡ አሉ፣ ይቆጡ። በ2018 ሳይንስ በሚባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ፣ ፑርና ኔሜቼክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የሠሩት፣ በ119 አገሮች ካሉ ወደ 38,700 እርሻዎች የተሰበሰበ መረጃ ነው። እሱ ላይ 100 ግራም ፕሮቲን ለማግኘት የሚወጣውን ጋዝ ካነጻጸራችሁ ለሥጋ ተብሎ ብቻ ከሚረባ ከብት የሚገኘው በአማካይ 50 ኪሎ ካርቦን ነው (ሚቴኑም ሌላውም ጋዝ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተመንዝሮ)፣ በግ 20 ገደማ፣ አይብ 11 ገደማ፣ ዶሮ 5.7፣ እንቁላል 4.2፣ አተር ግን ግማሽ ኪሎ እንኳን አይሞላም። መቶ እጥፍ ማለት እኮ ነው! እዚህ ላይ አይብ ከዶሮ መብለጡን ልብ በሉልኝ፣ ሥጋ ትቼ አይብ በአይብ ሆንኩ የሚል ሰው የሚያስበውን ያህል አልቀነሰም።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። የሚያመሰኳ እንስሳ ሆድ ውስጥ ሳሩ ሲብላላ ሚቴን ይወጣል፣ ያገሳዋል። መኖው ደግሞ መሬት ይፈልጋል፣ የግጦሹና የመኖው መሬት ሲሰፋ ጫካ ይመነጠራል። በዚሁ ጥናት መሠረት ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና የእርባታ ዓሣ በአንድ ላይ ከዓለም የእርሻ መሬት 83 በመቶውን ይዘው የሚሰጡን ግን የካሎሪያችንን 18 በመቶና የፕሮቲናችንን 37 በመቶ ነው። አኩሪ አተር አማዞንን ጨረሰ እየተባለ የአኩሪ አተር ወተት የሚጠጡ ሰዎች ሲወቀሱ እሰማለሁ፣ በዓለም ከሚመረተው አኩሪ አተር ግን ሦስት አራተኛው የሚሆነው የሚበላው በእንስሳት ነው፣ ቶፉና ወተት ሆኖ በቀጥታ ለሰው የሚቀርበው ከአሥር በመቶ በታች ነው። ጥራጥሬዎቹ በተቃራኒው ሥሮቻቸው ላይ ባሉ ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጂንን ከአየር ስለሚስቡ ማዳበሪያ የሚፈልጉት ትንሽ ነው፣ ቀጥሎ ለሚዘራውም ሰብል መሬቱን ያዳብሩለታል።

ሥጋ ተዉ አላልኩም። ልጆች፣ እርጉዞች፣ ሥጋን አልፎ አልፎ ብቻ የሚያገኙ ሰዎች ይሄ ምክር እነሱን አይመለከትም፣ እንዲያውም መጨመር ያለባቸው ብዙ ናቸው። የምናገረው በየቀኑ ለሚበላው ሰው ነው። ለሱ ከብቱን በዶሮ መተካት እንኳን ትልቅ ነገር ነው፣ በባቄላና በሽምብራ መተካት ደግሞ የበለጠ ነው፣ ፍጹም መሆን አይጠበቅበትም። በ2008 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች የሠሩት፣ በሳምንት ከአንድ ቀን ያነሰውን ያህል ካሎሪ ከቀይ ሥጋና ከወተት ተዋጽኦ ወደ ዶሮ፣ ዓሣ፣ እንቁላል ወይ አትክልት ያዞረ ቤተሰብ ምግቡን በሙሉ የቅርብ አካባቢ ምርት ብቻ ካደረገ ቤተሰብ የበለጠ ጋዝ ይቀንሳል ብሏል።

ይሄ "የአካባቢ ምርት ብቻ ግዙ" የሚለው ነገር ራሱ ሌላው እንደ ፌስታሉ የተጋነነ ነገር ነው። እኔ የቅርብ ምርት መግዛት እወዳለሁ፣ ትኩስ ነው፣ ገበሬው ይጠቀማል፣ አልፎም ማን እንዳመረተው መጠየቅ ይቻላል፣ ግን ይሄ ሁሉ ከካርቦን ጋር ግንኙነቱ ትንሽ ነው። መርከብ አንድ ቶን ዕቃ አንድ ኪሎ ሜትር ሲወስድ ወደ 23 ግራም ነው የሚለቀው። አንድ ኪሎ ሙዝ 10,000 ኪሎ ሜትር በመርከብ ቢመጣ ሩብ ኪሎ ካርቦን አይሞላም። አውሮፕላን ግን 50 እጥፍ ገደማ ነው፣ ያው ሙዝ በአውሮፕላን ቢመጣ ከ11 ኪሎ ያልፋል። ደግነቱ ሙዝ በአውሮፕላን አይመጣም፣ በዓለም ምግብ ከሚጓዘው ርቀት በአየር የሚሄደው አንድ በመቶ እንኳን አይሆንም። በአየር የሚመጡት ቶሎ የሚበላሹና ከወቅታቸው ውጪ ከሩቅ አገር የሚመጡት ናቸው፣ እንጆሪና ዘመዶቹ፣ አረንጓዴ ፎሶሊያ፣ አስፓራገስ። እንግዲህ ወቅቱ ያልሆነ፣ ከሦስት ቀን በላይ የማይቆይ ነገር ከሌላ አህጉር መጥቶ መደርደሪያ ላይ ትኩስ ሆኖ ካያችሁት በምን እንደመጣ መገመት አይከብድም። በብርድ አገር በክረምት በጋዝ በሚሞቅ ግሪን ሃውስ የበቀለ ቲማቲምም "የአገር ውስጥ" የሚል ወረቀት ይለጠፍበታል፣ ሞቃት አገር ሜዳ ላይ በቅሎ በመኪና ከመጣው ግን ብዙ ጊዜ የሱ ይብሳል።

እና ደግሞ ስለ መጓጓዣ ካወራን ስለ ራሳችን መኪና ለምን አናወራም? አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። በመቶ ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የምትጠጣ መኪና ደርሶ መልስ 10 ኪሎ ሜትር ብትነዳ 1.8 ኪሎ ገደማ ለቀቀች ማለት ነው፣ ይሄ ሰባት ስምንት ኪሎ ሙዝ ውቅያኖስ ለማሻገር የሚበቃ ነው፣ ለአንድ ፓኬት ስኳር ተብሎ የሚነዳ መንገድ! በእግር መሄድ፣ ካልሆነም ከሥራ ሲመለሱ አንድ ላይ ገዝቶ መግባት ከምንም ሎጎ የተሻለ ነው።

ሎጎ ካልኩ አይቀር፣ ማሸጊያ ላይ ስለሚታተሙት ምልክቶች ሁለት ነገር ልበል። ያቺ ውስጧ ቁጥር ያለባት በቀስት የተሠራች ሦስት ማዕዘን ዕቃው ሪሳይክል ይሆናል ማለት አይደለችም፣ ከ1988 ጀምሮ የምታገለግለው የፕላስቲኩን ዓይነት ለመለየት ነው፣ 1 ቁጥር የውሃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፔት ነው፣ 6 ቁጥር ፖሊስታይሪን ነው፣ ሁለተኛውን የሚቀበል ቦታ ማግኘት ብርቅ ነው። እስከ 2015 ከተመረተው ፕላስቲክ ውስጥ ቆሻሻ ከሆነው ሪሳይክል የተደረገው 9 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑን በ2017 የወጣ ጥናት አሳይቷል። "ይበሰብሳል" የሚለውም ዝም ብሎ አይታመንም፣ ከበቆሎ ከሚሠሩት ፕላስቲኮች ብዙዎቹ የሚበሰብሱት 60 ዲግሪ ገደማ በሚሞቅ የኢንዱስትሪ ማብላያ ውስጥ ነው፣ ሜዳ ላይ ከጣላችሁት እንደ ማንኛውም ፕላስቲክ ቁጭ ይላል። አረንጓዴ ቅጠል ሥሎ "ለተፈጥሮ ወዳጅ" ብሎ መጻፍ ደግሞ በብዙ አገር የማንንም ፈቃድ አይፈልግም፣ የአውሮፓ ኮሚሽን በ2020 የዚህ ዓይነት ጽሑፎችን አስመርምሮ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት፣ 53 በመቶ፣ ወይ ግልጽ ያልሆኑ ወይ የሚያሳስቱ ወይ መሠረት የሌላቸው ሆነው አግኝቷቸዋል። ኦርጋኒክ የሚለው ቢያንስ ሕግና ቁጥጥር ባለበት አገር ትርጉም አለው፣ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና መድኃኒት አልተጠቀመም ማለት ነው፣ ለአፈሩ፣ ለንቦቹ፣ ለገበሬው ጤና ሊጠቅም ይችላል፣ ግን ካርቦኑ አነሰ ማለት ላይሆን ይችላል፣ ከላይ ጥጡ ላይ እንዳየነው መሬት ይበዛበታል።

ብርጭቆ ጠርሙስስ? እሱ ላይ አጭር ልሁን፣ አንድ ጊዜ ተጠጥቶ የሚጣል ከሆነ ከባድ ስለሆነና ለማቅለጥ 1,500 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈልግ ብዙ ጊዜ ከፕላስቲኩ ይብሳል፣ እየታጠበ ደጋግሞ የሚሞላ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ስለዚህ ባዶውን መልሱ።

አንድ ነገር ደግሞ ያናድደኛል፣ ይሄ አካባቢን ያገናዘበ ሸመታ የሚባለው ነገር የቅንጦት መስሎ መቅረቡ። ጽሑፋችሁ ላይ ያሉት ፎቶዎች ራሱ የቀርከሃ ማንኪያ፣ የንብ ሰም የተቀባ ጨርቅ፣ ውድ የብርጭቆ ዕቃ ምናምን ናቸው። ከላይ የቆጠርኳቸው ትልልቆቹ ነገሮች ግን አንዳቸውም ወጪ አይጨምሩም፣ የገዙትን መጨረስ ገንዘብ ያተርፋል፣ ጥራጥሬ ከሥጋ ይረክሳል፣ መራመድ በነጻ ነው፣ ያለውን ቦርሳ መጠቀምም በነጻ ነው። የሚያስወጣው አዲስ "አረንጓዴ" ዕቃ መግዛቱ ነው። የሚሸጥ ነገር ስላለው ማስታወቂያ የሚሠራለትም እሱ ነው፣ ምስር ጨርሱ ብሎ ማስታወቂያ የሚያሠራ ካምፓኒ ከየት ይመጣል።

ሁሉን ሸማቹ ላይ ጭኜ ግን አልሄድም፣ ሱቆቹም 12 በመቶ አላቸው፣ ከዛ ደግሞ የኛን 60 በመቶ የሚያንሩት በምን ዓይነት ጥቅል እንደሚሸጡልን በመወሰን እነሱ ናቸው። ጎበጥ ያለውን ካሮትና ትንሽ ጠባሳ ያለበትን ፖም መደርደሪያ ላይ አናወጣም ይላሉ፣ ሲያወጡትም አንድ ጥግ ላይ ነው። በር የሌለው ማቀዝቀዣ ቀኑን ሙሉ አዳራሹን ሲያበርድ ይውላል፣ በር ቢገጠምለት መብራቱ በብዙ ይቀንስ ነበር፣ ውስጡ ያለው ጋዝ ደግሞ ከአሮጌዎቹ ዓይነት ከሆነ፣ ለምሳሌ አር 404 ኤ የሚባለው፣ ሲያፈስ አንዱ ኪሎ ወደ 4,000 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ያሞቃል፣ በ2016 ኪጋሊ ላይ አገሮች የተስማሙት እነዚህን ጋዞች ደረጃ በደረጃ ለመቀነስ ነው። ፈረንሳይ በ2016 ባወጣችው ሕግ ከ400 ካሬ ሜትር በላይ የሆኑ ሱፐርማርኬቶች ያልተሸጠ ግን የሚበላ ምግብ እንዳያበላሹ ከልክላ ከበጎ አድራጎት ድርጅቶች ጋር ውል እንዲገቡ አስገድዳለች።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይሄ ነው። ቀጣዩን ጽሑፍ ስትሠሩ ሪፖርተራችሁን ሱፐርማርኬቶቹ ጋ ላኩትና ያልተሸጠው ምግብ ማታ ማታ የት እንደሚሄድ፣ በኪሎ መዝግበው ይይዙ እንደሆነ፣ ቀኑ ሊያልፍ የቀረበውን ዋጋ ቀንሰው ይሸጡ እንደሆነ፣ ማቀዝቀዣቸው ውስጥ የትኛው ጋዝ እንዳለና መቼ እንደተፈተሸ ይጠይቃቸው። አንመልስም ያለውንም አንመልስም ብሏል ብላችሁ ጻፉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ